ውጤቱን ማን ይስማው?

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ለዓመታት አንብቤአለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 34 ነው። ስወለድ ወንድ ተብዬ ተመዘገብኩ፤ መታወቂያዬም ያንኑ ይላል። እኔ ግን ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሴት ነኝ። ትራንስ ሴት የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት ሐኪም ሳላማክር ከፋርማሲ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን እየገዛሁ እውጣለሁ። ጡት አብቅያለሁ። ከቤት ስወጣ ሰፊ ሹራብ እለብስና ነጠላ እደርብበታለሁ። የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው፤ ቤቴ ውስጥ ስለምሠራ ብዙ ሰው አያየኝም።

ከአንድ ወር በፊት ገላዬን ስታጠብ በግራ ጡቴ ላይ፣ ከጫፉ ሥር፣ ጠንካራ ነገር ዳሰስኩ። አያመኝም። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ መታወቂያዬን አየች፣ እኔን አየች፣ ጓደኛዋን ጠራቻት፤ ተሳሳቁ። ሐኪሙ ግን ደግ ሰው ነበር። ምንም ሳይጠይቀኝ መረመረኝና ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ጻፈልኝ። ስለ ክኒኑ አልነገርኩትም። ለቀጠሮዬ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።

ያደግሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተበታተነ፤ እኔ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። የድሮ ጎረቤቶቼ «ሴታሴቱ» እያሉም ቢሆን ያውቁኝ ነበር፤ ስታመም ሾርባ ይዘው ይመጡ ነበር። አሁን ማንም አያውቀኝም። አከራዬ መክሳቴን አይታ እንጦጦ ማርያም ጠበል እንድገባ ትመክረኛለች። ደብረ ብርሃን የምትኖር ታናሽ እህት አለችኝ፤ የምታውቅ ይመስለኛል፣ አንድም ቀን ግን አንስተነው አናውቅም። አንዲት የልብ ጓደኛም አለችኝ፤ እሷም እንደኔው ናት። አብራኝ ብትሄድ ሁለታችንም ዓይን ውስጥ እንገባለን ብዬ እፈራለሁ።

ጸጉሬን ተቆርጬ እንደ ወንድ ልሂድ? ክኒኑን ልናገር ወይስ ልደብቅ? ሌሊት ሌሊት እግዚአብሔር የቀጣኝ ይመስለኛል። የጡት ካንሰር የያዛቸውን የሚረዳ ማኅበር አለ ሲሉም ሰምቻለሁ፤ እኔ በየት በኩል እገባለሁ?

ከአራት ኪሎ

የአራት ኪሎዋ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ምን ሆኜ ልሂድ፣ ምን ልናገር፣ ምን ልደብቅ ብለሽ ጠይቀሻል። ከማን ጋር ልሂድ የሚለውን ግን አልጠየቅሽም፤ እህትሽንም ጓደኛሽንም አንስተሽ ወዲያው መልሰሽ አስቀምጠሻቸዋል። ለእኔ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው፤ እመለስበታለሁ። አስቀድመን እንቅልፍ የነሳሽን እብጠት እናንሳ።

ጡት ላይ ከሚዳሰሱ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። በሆርሞን ያደገ ጡት ከጫፉ ሥር ጠንከር ብሎ መዳሰሱም ያለ ነው። እንዲያም ሆኖ አዲስ የመጣ፣ ጠንካራና የማያምም ነገር በግምት አይታለፍም፤ ሐኪሙ የላከሽም እንዲጣራ ብሎ ነው። በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት ሆርሞን የወሰዱ 2,260 ትራንስ ሴቶችን መዝገብ ተመልክቶ፣ ወራሪ የጡት ካንሰር ያገኘው በ15ቱ ላይ ነበር። ቁጥሩ ከወንዶች አንጻር ሲታይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ከሌሎች ሴቶች አንጻር ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ «አንተን አይዝህም» ብሎ ሊያሰናብትሽ የሚፈልግ ቢያጋጥምሽ አትቀበዪው፤ «አለቀልሽ» የሚልሽን የሌሊት ሐሳብም እንዲሁ።

ቀጠሮው ላይ ሐኪሙ በእጁ ይዳስስሻል፤ ከዚያ አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ያዛል፤ ካስፈለገ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ሁሉም በአንድ ቀን ላያልቅ ይችላል፤ የናሙናው ውጤት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። አንጀትሽን አስረሽ ለአንድ ቀን ብቻ ተዘጋጅተሽ ሄደሽ፣ «በሌላ ቀን ተመለሺ» ሲሉሽ እንዳትሰበሪ ነው ከወዲሁ የምነግርሽ። አንዳንዱ ምርመራ ወደ ግል ላቦራቶሪ ሊታዘዝም ስለሚችል ትንሽ ገንዘብ ለይተሽ ያዢ። እስከዚያው ድረስ የጡትሽ ቆዳ ከጎደጎደ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካየሽ ወይም ብብትሽ ሥር እብጠት ከዳሰስሽ ሦስት ሳምንቱን አትጠብቂ፤ ወደዚያ ደግ ሐኪም ተመልሰሽ ቀጠሮው እንዲቀርብልሽ ጠይቂ። የመክሳትሽንም ነገር ንገሪው። እንቅልፍ ያጣና ምግብ የዘጋው ሰው መክሳቱ አይቀርም፣ ግን ይወቀው።

ክኒኑን ተናገሪ። ሌላውን ሁሉ ለአንቺ ምርጫ ብተወውም በዚህ ላይ ግትር ነኝ። አንዳንዱ የጡት ካንሰር የሚያድገው ኤስትሮጅን በሚባለው የሴት ሆርሞን ነው፤ ያንቺ ክኒን ደግሞ እሱኑ የያዘ ሳይሆን አይቀርም። ናሙናሽን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ባለሙያ በሆርሞን ያደገ ጡት መሆኑን ካላወቀ ያየውን ነገር በተሳሳተ መንገድ ሊያነበው ይችላል። ካንሰር ሆኖ ቢገኝ እንኳ የሕክምናው ምርጫ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ክኒኑን ልቀጥል ወይስ ላቁም የሚለውንም ቢሆን ቀጠሮውን አትጠብቂበት፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጠይቂበት፤ በራስሽ ውሳኔ ግን መጠኑን እንዳትጨምሪ። ሌላም አለ፤ ይህ ዓይነቱ ክኒን ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ፣ ደረትሽን በድንገት ከወጋሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

«ብናገር ወደ ፖሊስ ይሄዱብኛል» ብለሽ እንደምትፈሪ አልጻፍሽም፤ በመስመሮቹ መሐል ግን አነበብኩት። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚቀጣው በአንድ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ነው። ክኒን መዋጥም፣ ጡት ማብቀልም፣ መታመምም እዚያ ውስጥ የለም። በዚያው ሕግ አንቀጽ 399 ደግሞ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት በሥራው ያወቀውን የታካሚ ምስጢር ቢያወጣ ያስቀጣዋል። ሕግ በወረቀት ላይ እንዳለው ሁሉ በካርድ ክፍል መስኮት ላይ እንደማይገኝ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ በሕጉ ብቻ ተማምነሽ ሂጂ አልልሽም። ሐኪሙ የሚያስፈልገው ግን የሰውነትሽ ታሪክ ነው። ማንን እንደምትወጂ፣ ከማን ጋር እንደምትውዪ፣ ጓደኞችሽ እነማን እንደሆኑ ቢጠይቅሽ «ይህ ለእብጠቱ ያስፈልጋል ወይ?» ብለሽ በትሕትና ልትመልሺ ትችያለሽ።

ወረፋ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አንደበትሽ እንዳይያዝ ደግሞ ጽፈሽ ያዢው። በግማሽ ወረቀት ላይ እንዲህ ብለሽ፦ «ለሐኪሙ ብቻ። ለስድስት ዓመት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን በየቀኑ ወስጃለሁ፤ ማሸጊያው ከዚህ ጋር አለ። ጡቴ ያደገው በዚህ ምክንያት ነው። እብጠቱን ከዳሰስኩት ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ውጤቱ ለእኔና አብራኝ ለመጣችው ሰው ብቻ እንዲነገር እጠይቃለሁ።» ከባዶው የክኒን ማሸጊያ ጋር አጥፈሽ ሪፈር ወረቀቱ ውስጥ ክተቺው። የምርመራው ክፍል በር ሲዘጋ ለሐኪሙ በእጁ ስጪው። ጥቁር አንበሳ የማስተማሪያ ሆስፒታል ስለሆነ ከሐኪሙ ጎን ተማሪዎች ሊቆሙ ይችላሉ፤ «ስመረመር ሰው ቢቀንስልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጸጉርሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተቆርጠሽ፣ ጃኬት ለብሰሽ፣ ድምፅሽን አወፍረሽ ብትሄጂ ምርመራ ክፍል ስትደርሺ ሸሚዝሽን ማውለቅሽ ይቀራል? መደበቁ የሚጠቅምሽ ከግቢው በር እስከ ሐኪሙ በር ባለችው መንገድ ብቻ ነው። ለዚያች መንገድ ነጠላሽና ሰፊ ሹራብሽ አይበቁም ወይ? አይበቁም፣ ያሰጋኛል ካልሽ ተቆረጪ፤ ጸጉር ይበቅላል፣ በዚህ የሚፈርድብሽም የለም። ብቻ «ወንድ ካልሆንኩ አያክሙኝም» ብለሽ እንዳይሆን። ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች አንዱ ያህል ወንድ ነው፤ ስለዚህ ካርዱ ላይ «ወንድ» ተብሎ መጻፉ ምርመራውን አያስቀርብሽም። ስሙ ባይመችሽም ከሪፈሩ እስከ ካርዱ፣ ከካርዱ እስከ ናሙናው ጠርሙስ አንድ ዓይነት ይሁን። በአንዱ ወረቀት የመታወቂያ ስምሽ፣ በሌላው የራስሽ ስም ከሆነ ውጤትሽ የሌላ ሰው መስሎ ሊጠፋ ይችላል። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ስም በዓይንሽ አይተሽ ውጪ። ሐኪሙን ግን «ሲጠሩኝ በዚህ ስም ቢሆን ደስ ይለኛል» ልትዪው ትችያለሽ፤ ከወረቀቱ ጋር አይጋጭም።

አሁን ወደ ቁልፉ። ሐኪሞቻችን ከበድ ያለ ወሬ ሲኖራቸው ታካሚውን ትተው አስታማሚውን ወደ ጎን መጥራት የቆየ ልማዳቸው ነው። መርዶን በማለዳ፣ ዘመድ አሰባስቦ የሚያረዳ ሕዝብ ነን፤ ክፉ ነገርን ብቻውን ላለ ሰው መንገር ጭካኔ ይመስለናል። ደግ ልማድ ነው። ላንቺ ግን አብሮሽ የሚሄደውን ሰው ስትመርጪ ውጤቱን ማን ቀድሞ እንደሚሰማ እየመረጥሽ ነው ማለት ነው፤ ከውጤቱም ጋር ስለ ጡትሽና ስለ ክኒንሽ የሚወራውን ሁሉ። አከራይሽ ሴትዮ ደግ ትመስላለች፤ «ብቻሽን አትሂጂ፣ እኔ እወስድሻለሁ» ብትልሽ ግን እባክሽ አመስግነሽ እለፊው። የምታድሪበትን ክፍል ቁልፍ የያዘ ሰው ይህን ምስጢርም አብሮ ባይዝ ይሻላል።

እህትሽ ታውቃለች ብለሽ እንድታስቢ ያደረገሽ ምንድን ነው? አንድ ቀን ያየችው ነገር አለ ወይስ የተናገረችው? ዝምታዋስ የመጥላት ነው ወይስ «እስክትነግሪኝ ልጠብቅ» ዓይነት? ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ባል አላት? ከእናታችሁ ጋር ምስጢር ትከፋፈላለች? እነዚህን ካመዛዘንሽ በኋላ ልብሽ ወደ እሷ ካዘነበለ ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ማፍሰስ የለብሽም። «ጡቴ ላይ እብጠት ተገኝቶ ጥቁር አንበሳ ቀጠሮ አለኝ፤ ብቻዬን መሄድ ፈራሁ» በያትና ዝም በዪ። ወንድም ጡቱን ይታመማል፤ ይህን ማለትሽ ገና ሌላ ምንም አያስገድድሽም። ቀጥላ የምትለው ነገር መንገዱን ያሳይሻል። «መቼ ልምጣ?» ካለች ቀሪውን ተገናኝታችሁ ትነጋገራላችሁ። «ምን አድርገህ ነው?» ካለችም ቢያንስ በር ላይ ሳትደርሺ አውቀሻል።

ጓደኛሽ ሆስፒታል መምጣቷ ካሰጋችሁ አትምጣ። ለቀጠሮው ዋዜማ አንቺ ጋ ትደር፤ ጠዋት ሻይ አፍልታ በግድ ቁርስ ታብላሽ፤ ስትመለሺ ምስር ወጥ ሠርታ ትጠብቅሽ። እንደሷ ሳትተረጉሚላት የምትረዳሽ ሰው የለም፤ ያቺን ሰው በወረፋ ላይ ጭንቀት ከምታደክሚያት ለማታው ብታስቀሪያት ይበጃል።

ደብዳቤሽ ውስጥ ግን ሦስተኛ ሰው አየሁ፤ አንቺ ያላየሻት። እነዚያ የዶሮ ማነቂያ ሾርባ አምጪዎች የት ሄዱ? ሰፈር ሲፈርስ ሰው ወደ ዳር ዳር ይበተናል እንጂ ስልኩ አይጠፋም፤ እድራቸው በየወሩ የሚሰበሰብም ብዙ ናቸው። ከነዚያ እናቶች መካከል አፏ ቢጎረብጥም እጇ የማይሰስት አንዷን አስቢያት። «ሴታሴቱ» እያለችም ታውቅሽ ነበር፤ ስለዚህ ለእሷ አዲስ ወሬ የለሽም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነጠላዋን አጣፍታ አግዳሚው ወንበር ላይ ካጠገብሽ ብትቀመጥና ካርድ ክፍል የሚሳሳቁ ልጆችን «እናንተ ልጆች፣ ምን ያስቃችኋል? የሰው ሕመም ያስቃል?» ብትላቸው፣ የሚመልስላት የለም። በአገራችን የሆስፒታል ወረፋ ላይ አንዲት ቆፍጣና እናት የምታስከብረውን ያህል አንቀጽ 399 አያስከብርም። እኔ አንቺን ብሆን መጀመሪያ የምደውለው ለእሷ ነበር።

«እግዚአብሔር ቀጣኝ» ላልሽው ቄስ አይደለሁም፣ ስለዚህ በእግዚአብሔር ስም አልናገርም። የማውቀውን ግን ልንገርሽ። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታየው የካንሰር ዓይነት ሁሉ የጡት ካንሰር ቀዳሚው ነው። ስምንት ልጅ ያጠቡ እናቶች ይታመሙበታል፤ ቆራቢ ባልቴቶችና መነኮሳት ይታመሙበታል። ከእነሱ አንዷ አጠገብሽ ተቀምጣ «ምን ሠርቼ ይሆን?» ብትልሽ ምን ትመልሺላታለሽ? ያንኑ መልስ ለራስሽ ለምን ትነፍጊዋለሽ?

ጠበሉ ልብሽን ካሳረፈው እሰየው። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ዘመን መድኃኒቱን በጠበል መዋጥ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ስለዚህ ጠበል ልግባ ወይስ ሕክምና ልሂድ ብሎ መምረጥ አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ አስቢ። ጠበል ቦታ ወንድና ሴት ተለይቶ፣ ልብስ ወልቆ ነው የሚጠመቀው፤ በየትኛው ወገን ብትቆሚ ለጭንቀት ነው። አከራይሽ ስትሄድ በጀሪካን ታምጣልሽ፤ ቤትሽ ትጠጪዋለሽ፣ ትረጪዋለሽ።

የጠየቅሽው ማኅበር ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ሊሆን ይችላል፤ እዚሁ አዲስ አበባ ነው ያለው። ገና ውጤት ሳይታወቅ መሄድ ግዴታ የለብሽም። ምክር ቢያስፈልግሽ ግን ስምሽን ሳትናገሪ በስልክ ጀምሪ፤ «የጡት ምርመራ የሚጠብቅ ሰው አለኝ፣ መታወቂያው ወንድ ይላል፣ ምን ዓይነት እርዳታ ያገኛል?» ብለሽ ጠይቂና የመላሹን ድምፅ አዳምጪ። ከድምፁ ብዙ ይታወቃል። ሴቶቹ የሚሰባሰቡበት ቦታ ብትገቢ ወሬው በአብዛኛው ስለ ጸጉር መርገፍ፣ ስለ መድኃኒት ዋጋ፣ ስለማይጣፍጥ ምግብ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ማን እንደሆንሽ ሳትተርኪ እዚያ መቀመጥ ትችያለሽ። ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ራስን እየጠበቁ መቀመጥም ያደክማል። ከሄድሽ በኋላ ተጫጭነሽ ከተመለስሽ ይቅርብሽ፤ በጓደኛሽና በጎረቤትሽ ብትወሰኚ የጎደለብሽ እንዳይመስልሽ።

በስልክሽ ውጭ አገር ካሉ እንዳንቺ ያሉ ሴቶች ጋር መጻጻፍም ይቻላል፤ በሽታውን አልፈው የሚመክሩ አሉ። ፎቶሽን፣ ትክክለኛ ስምሽን፣ የሪፈር ወረቀትሽን ምስል ግን ለማንም አትላኪ። በ2015 ነሐሴ በቲክቶክ «ግብረ ሰዶማውያን ናቸው» እየተባለ የሰዎች ፎቶና ስም ሲለጠፍ የሆነውን አልረሳሽውም።

ለቀጠሮው ቀን ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ልበሺ፤ ከላዩ ፊት ለፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ይሁን። ቀሚስ ከሆነ ሁሉንም ማውለቅ ይመጣል፤ ሸሚዝ ከሆነ ግን የሚያስፈልገውን ያህል ከፍተሽ ነጠላሽን በቀረው ላይ ትጥያለሽ። ልብስ ሰፊ ነሽና ኪስ ብትጨምሪበት ወረቀቱንና ማሸጊያውን ትይዥበታለሽ። ብብትሽ ላይ ዲዮድራንት፣ ጡትሽ ላይም ፓውደር አትቀቢ፤ ማሞግራፊ ከታዘዘልሽ ምስሉ ላይ እንደ ነጠብጣብ እየታየ ያሳስታቸዋል።